ጠያቂና መላሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ውይይት የሚሰጠው አገልግሎት

በአገራችን የጥንት የሙግት ሥርዓት ሁለት ባለ ጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው አንደኛው ሌላውን «ተጠየቅ!» ባለው ጊዜ፣ ተጠያቂው ነጠላውን አጣፍቶ ዝም ብሎ ሊሄድ አይችልም ነበር። በአደባባይ የተጠየቀ ሰው በአደባባይ መመለስ ግዴታው ነበርና። በትግርኛ ተናጋሪው ደጋ አገርም እንዲሁ የመንደሩ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ባይቶ ተቀምጦ ስለ እርሻው፣ ስለ ግጦሹና ስለ ውሃው ሲመክር፣ ተራውን ጠብቆ የተነሣ ተናጋሪ ይደመጥ ነበር። ስለዚህ በጋራ ጉዳይ ላይ በግልጽ መጠያየቅና መመላለስ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ዕቃ አይደለም። በቅርብ ጊዜ የመጣው ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረውም ይህ አዲስ ተቋም ያንን የቈየ ልማድ እንዴት ሊያሳድገው እንደሚችል ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ዲሞክራሲ፣ ስለ ጋዜጣና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ለሚደረገው የሕዝብ ውይይት ሦስት ነገሮችን ያበረክታል። መጀመሪያ፣ መምህራኑ መርምረው ያገኙትን ዕውቀት ያቀርባል። ሁለተኛ፣ የተለያየ አሳብ ያላቸው ሰዎች ሳይፈራሩ የሚገናኙበትን አዳራሽ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ለመጠየቅ የማያፍሩ ወጣቶችን ይሰበስባል። ነገር ግን ውይይት የሚባለው በእነዚህ በሦስቱ ብቻ አይሞላም፤ አራተኛ ነገር ይጐድለዋል። እርሱም መላሽ ነው። መላሹ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ነው። ጠያቂ ኖሮ መላሽ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በአካባቢያችን ካሉት ከሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ልናይ እንችላለን። የጎረቤቶቻችንን ታሪክ ከእኛው ጋር ለማስተያየት እንዲመች ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ማከሬሬ፤ አዳራሹና መጽሔቱ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ በአንድ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ማከሬሬ በ1922 የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ተመሠረተ። በ1949 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1963 ደግሞ ከናይሮቢና ከዳሬ ሰላም ኮሌጆች ጋር ተባብሮ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ሆነ። በዚሁ ዘመን፣ ይኸውም በ1961፣ በካምፓላ የተወለዱት የሕንድ ተወላጅ ሚስተር ራጃት ኒዮጊ «ትራንዚሽን» የተባለ መጽሔት ጀመሩ። መጽሔቱ የዩኒቨርሲቲው ንብረት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ከጸሐፊዎቹም ከአንባቢዎቹም ብዙዎቹ የማከሬሬ ሰዎች ነበሩ። በዚህ ዓይነት በመማሪያ ክፍል የተነሣው አሳብ በመጽሔቱ ላይ ወጥቶ ከከተማው ሰው ዘንድ ይደርስ ነበር።

ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ የሞምባሳው ተወላጅ የፖለቲካ ሳይንስ መምህሩ ፕሮፌሰር አሊ ማዝሩይ ነበሩ። በ1966 የጋናው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ ማዝሩይ ንክሩማን ሌኒንም ዛርም ለመሆን የፈለጉ መሪ አድርገው የሚተች ጽሑፍ በዚሁ መጽሔት አወጡ። የንክሩማ ወዳጆች ተቈጡ። ነገር ግን ቍጣቸውን በብዕር ገለጡት፤ የመጽሔቱ የደብዳቤ ገጾችም ለተቃዋሚና ለደጋፊ ክፍት ነበሩ። ማዝሩይ በዳሬ ሰላም ያስተምሩ ከነበሩት ከጉያናዊው የታሪክ ሊቅ ከዋልተር ሮድኒ ጋርም በማከሬሬ በሕዝብ ፊት ተከራክረዋል። ሁለቱ ስለ አፍሪካ የወደፊት መንገድ ያላቸው አሳብ እጅግ የተራራቀ ነበር፤ ቢሆንም አንዱ የሌላውን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነበር የሚመልሰው። ከአድማጮቹ ለብዙዎቹ ከክርክሩ ፍሬ ነገር ይልቅ ይህ ትዕግሥት ራሱ ትምህርት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ የማከሬሬ ታሪክ በምስጋና ብቻ የሚነገር አይደለም። በ1967 ለመጽሔቱ ገንዘብ ይረዳ የነበረው የባህል ድርጅት ራሱ ከአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ይቀበል እንደ ነበር ተገለጠ። ይህም የሕዝብ ውይይት የሚያካሂድ ሰው የአዳራሹን ኪራይ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅና ማሳወቅ እንደሚገባው ያስተምራል። ከዚህ የባሰው ግን በ1968 ደረሰ። አቡ ማያንጃ የተባሉት የምክር ቤት አባል በመጽሔቱ ላይ መንግሥቱን የሚነቅፍ ጽሑፍ ስላወጡ፣ ጸሐፊውም አዘጋጁም ታሰሩ። መጽሔቱ በካምፓላ ተቋረጠ፤ በ1971 በጋና ዋና ከተማ በአክራ እንደ ገና ታተመ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዙ። በ1972 የማከሬሬ ዋና ኀላፊ የነበሩት ፍራንክ ካሊሙዞ በመንግሥት ሰዎች ተወስደው በወጡበት ቀሩ። ማዝሩይም ብዙ ሳይቈዩ አገሩን ለቀቁ። አዳራሹ በቦታው ነበር፤ የሚጠይቅበት ግን ጠፋ።

ዳሬ ሰላም፤ የፕሬዚዳንቱ መልስ

በጎረቤት አገር በታንዛንያ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። የዳሬ ሰላም ኮሌጅ በ1961 ተከፈተ። በኦክቶበር 1966 መንግሥት ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ሁሉ በአነስተኛ ደመወዝ ብሔራዊ አገልግሎት እንዲፈጽሙ ባዘዘ ጊዜ ተማሮቹ ሰልፍ ወጥተው ቅሬታቸውን በጽሑፍ ይዘው ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ራሳቸው ወጥተው አቤቱታውን ሰሙ። ከዚያም በብርቱ ተቈጥተው ወደ 400 የሚጠጉትን ከትምህርት አሰናበቱ። በዚያው ንግግራቸው ግን የተማረው ሰው ከድኻው ገበሬ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ደመወዝ የሚቀበል መሆኑን አምነው የራሳቸውን ደመወዝ ከመቶ 20 እጅ ቀነሱ። ከተሰናበቱትም ተማሮች አብዛኞቹ በኋላ ጊዜ እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው።

ቅጣቱ ከጥፋቱ በልጧል ብሎ የሚፈርድ ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጥያቄው ፊት ለፊት ቀረበ፤ መልሱም ከራሳቸው ከአገሩ መሪ አፍ ፊት ለፊት ተሰጠ። መላሹም ሌላውን ብቻ ሳይሆን ራሱን ጭምር ጐዳ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1967፣ የአሩሻ ዐዋጅ በወጣ ጊዜ በባለ ሥልጣኖች ሀብት ላይ የተጣለው ገደብ ከዚህ ጭቅጭቅ ጋር ዝምድና እንዳለው ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ከዚያም ወዲህ መንገዱ የተስተካከለ አልነበረም። በ1970 ተማሮቹ ያሳትሙት የነበረው «ቼቼ» የተባለው መጽሔት ተከለከለ። ይሁን እንጂ ሌላ መጽሔት በምትኩ ተነሣ፤ ውይይቱም ፈጽሞ አልተቋረጠም። በ2008 ዩኒቨርሲቲው በኔሬሬ ስም ስለ አፍሪካ አንድነት ጥናት የሚደረግበት የፕሮፌሰርነት ወንበር አቁሞ የሕግ ሊቁን ኢሳ ሺቭጂን የመጀመሪያው ባለ ወንበር አደረጋቸው። በዚህ ወንበር ስም ሊቃውንት፣ ጋዜጠኞችና ተማሮች ስለ አገር ጉዳይ ይወያዩ ጀመር።

የታንዛንያን ውይይት ከሌሎቹ የለየው ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም የፖለቲካው ንግግር በስዋሂሊ ነበር። ኔሬሬ ራሳቸው የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» ወደ ስዋሂሊ ተርጕመው በ1963 ማሳተማቸው ይህ ቋንቋ ከፍ ያለውን አሳብ ሁሉ ሊሸከም እንደሚችል ለማሳየት ጭምር ነበር። ፕሮፌሰሩ የተናገረውን የወደቡ ሠራተኛ ካልተረዳው ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

አዲስ አበባ፤ ያልተመለሰው ጥያቄ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተመሠረተ፤ በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ቤተ መንግሥት የነበረው ቤት የትምህርት ቤት መሆኑ ለብዙ ሰው የዘመን መለወጥ ምልክት ሆኖ ታይቷል።

በዚያ ዘመን ተማሮቹ ከሕዝቡ ጋር የተገናኙበት ዋናው መድረክ የኮሌጁ በዓል ሲከበር በአማርኛ የሚቀርበው የግጥም ውድድር ነበር። ከተማሮቹ ውጭ ብዙ የከተማ ሰውና ባለ ሥልጣኖችም ይገኙበት ነበር። በ1961 ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ባነበበ ጊዜ ርእሱ ብቻ እንኳ የቀረበው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ ይነግር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሚነበቡት ግጥሞች ላይ ቍጥጥሩ እየጠበቀ ሄደ። ተማሮቹ የሚያዘጋጁዋቸው ጋዜጦች ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ስለ ነበሩ ከግቢው ውጭ ያነበባቸው ሰው ጥቂት ነው።

በ1964 የዩኒቨርሲቲው ተማሮች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ። ይህ እጅግ ጠቃሚ ሥራ ነበር። በከተማ ያደገው ወጣት የጭሰኛውን ኑሮ በዐይኑ አየ፤ ያየውንም ይዞ ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 1965 ምክር ቤቱ ስለ ባለ መሬትና ስለ ጭሰኛ ግንኙነት በሚመክርበት ጊዜ ተማሮቹ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ የቀረበውም በሰላም ነበር። የጭሰኛው የሕግ ረቂቅ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻገረ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን እስከ ወረዱበት እስከ 1974 ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ጥያቄ ሳይመለስ ሲቈይ እየከረረ ይሄዳል። በ1969 ዋለልኝ መኰንን ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ያቀረበው ጽሑፍ በተማሮቹ መጽሔት ወጣ። አሳቡን የሚቃወም ብዙ ሰው ነበር፤ ዛሬም አለ። ለጽሑፍ ግን የሚገባው መልስ ጽሑፍ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ የተማሮቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱም በስድስት ኪሎ ግቢ ለቅሶ በተሰበሰቡት ተማሮች ላይ ወታደሮች ተኵሰው ሌሎችንም ገደሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ውይይቱ አልሞተም። ይልቁንም ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ምስጢር የጥናት ክበብና ወደ ውጭ አገር ሄደ። በምስጢር የሚደረግ ውይይት ደግሞ አንድ ትልቅ ጕድለት አለው። የሚቃወም ሰው አይጠራበትም፤ ስለዚህ እርስ በርሱ የሚስማማ ብቻ እየተሰበሰበ አሳቡን ያከራል።

ፍሬው በ1976 ታየ። በመሬት ላይ የነበረው ጥያቄ በማርች 1975 በዐዋጅ ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ ከተማሮቹ ንቅናቄ የወጡት ቡድኖች በመንግሥቱ ጋዜጣ በ«አዲስ ዘመን»፣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ፣ ስለ ዲሞክራሲ ትርጕምና ወሰን ይከራከሩ ጀመር። በአማርኛ፣ በሕዝብ ጋዜጣ፣ ስለ ዲሞክራሲ! ከ10 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ በረከት በሆነ ነበር። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ በዚያ ሁሉ ዘመን አንዱ ሌላውን በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ መስማት ስላልለመዱ፣ የአሳብ ተቃዋሚን ከጠላት ለይተው አላዩም። ዓመቱ ሳያልቅ ክርክሩ በግድያ ተተካ፤ በ1977 እና በ1978 ቀይ ሽብር የተባለው ዘመን በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶችን ፈጀ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተማሩ ልጆች ነበሩ። «ምክር የማይሰማ መከራ ይመክረዋል» የሚለው ተረት የተፈጸመው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

ይህ ሁሉ አልፎ ሄዷል የሚል ሰው ቢኖር አፕሪል 2001ን ያስታውስ። በዚያ ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ጋዜጣቸውን እንዲያሳትሙና ታጣቂ ዘበኞች ከግቢው እንዲወጡ ጠየቁ። ነገሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያልቅ የሚችል ነበር። ከዚያ ይልቅ ሁከቱ ወደ ከተማው ወጣና የብዙ ሰዎች ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ታሰሩ፤ ከተማሮቹም ወደ ጎረቤት አገር የተሰደዱ ነበሩ።

መልካሙን ምሳሌም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ በ1998 በምሁራን ተቋቁሞ ስለ ድህነትና ስለ አስተዳደር ሕዝብ የሚጠራባቸውን ውይይቶች አዘጋጅቷል። በ2005 ደግሞ የቀድሞው የተማሮች ንቅናቄ ሰዎች፣ አንድ ጊዜ በጠላትነት ይፈላለጉ የነበሩት ጭምር፣ በአንድ ቦታ ተቀምጠው ያለፈውን እንዲናገሩ አደረገ፤ የተናገሩትም በታሪክ ሊቁ በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታተመ። በ30 ዓመት ዘግይቶም ቢሆን እርስ በርስ ተደማመጡ።

ምን ይደረግ?

ከእነዚህ ታሪኮች አራት የሥራ ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚጠራ ውይይት የሚቃወመውንም ሰው መጥራት አለበት፤ የሚስማሙ ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት ስብሰባ ማኅበር እንጂ ሸንጎ አይባልም። ሁለተኛ፣ ተናጋሪው በስሙ ይናገር፤ ለሚናገረውም ማስረጃ ያቅርብ። ሦስተኛ፣ ነገሩ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነገር፤ አማርኛ በሚነገርበት በአማርኛ፣ ሌላው በሚነገርበት በሌላው። አራተኛ፣ የተባለው ይጻፍና ይታተም፤ ጋዜጣውም ሁለቱን ወገን እኩል ቦታ ይስጥ። ሳይጻፍ የቀረ ክርክር ነገ በወሬ ተለውጦ ይነገራልና። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ እነዚህ ደንቦች የአንድ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። አንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ስለ አውራጃው ውሃ ወይም ስለ ገበያው ዋጋ የሚመለከተውን ሹምና ገበሬውን በአንድ አዳራሽ ቢያገናኝ፣ ስለ ዲሞክራሲ ከሚሰጥ ረዥም ንግግር ይልቅ ያስተምራል።

አምስተኛው ደንብ ግን ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የተጠበቀ ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ፣ እንደዚህ ጸሐፊ፣ አማርኛን ከእናታቸው ሳይሆን ከመምህር የሚማሩ ሹማምንት ናቸው። ሹም ቋንቋ የሚማረው ትእዛዝ ለማስተላለፍ ብቻ ከሆነ ጥቂት ቃላት ይበቁታል፤ ለመጠየቅና ለመመለስ ከሆነ ግን ብዙ መድከም ይኖርበታል። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ የጥሪ ደብዳቤ ሲደርሰን «ሥራ በዝቶብኛል» ብለን ጸሐፊያችንን አንላክ። ራሳችን እንሂድ። የምናውቀውን እንናገር፤ የማናውቀውን «አላውቅም፤ ጠይቄ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» እንበል፤ በተባለውም ቀን እንመለስ። ወጣቱ በስሜት ቢናገር ስሜቱን ትተን ጥያቄውን እንያዝ። በስሕተት ቢናገር በማስረጃ እናርመው፤ ትክክል ቢናገር በዚያው አዳራሽ «ልክ ነህ» ለማለት አንፈር።

ይህን ማድረግ ለሹሙ አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም። በሕዝብ ፊት መጠየቅ ላብ ያስወጣል፤ ጋዜጣውም በማግስቱ የመልሱን ጕድለት ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን በ1965 ስለ ጭሰኛው የተጠየቀው ጥያቄ መላሽ አግኝቶ በነበረ ኖሮ ከዚያ በኋላ የተከፈለው ዋጋ ሁሉ ይከፈል ነበር ወይ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የአንድ ሰዓት ላብ ግን ከዚያ ዋጋ ጋር በሚዛን አይቀመጥም።